አንድ ትልቅ ወይስ ሁለት መካከለኛ? መብራት በሚመላለስበት ሰፈር ለቤት ኮምፒውተር ዲስክ ሲመረጥ

ኮምፒውተር ሊገዛ የወጣ ሰው ስለ ፕሮሰሰሩ ይጠይቃል፣ ስለ ራሙ ይከራከራል፣ ስክሪኑን ያማርጣል። ሃርድ ዲስኩ ላይ ሲደርስ ግን "ስንት ጊጋ ነው?" ብሎ ያልፋል። ፕሮሰሰር ቢቃጠል መገናኛ ወይም መርካቶ ወርዶ ሌላ ይገዛል፤ ራምም እንደዚያው። ልጅ መጀመሪያ ቆሞ ሲሄድ የተቀረጸበት ቪዲዮ፣ ሊቀርብ ሳምንት የቀረው የመመረቂያ ጽሑፍ፣ የሱቁ የዱቤ ሒሳብ፣ ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባት ድምፅ ግን ያለው ዲስኩ ላይ ነው። የእነዚህን ምትክ የሚሸጥ ሱቅ የለም። ስለዚህ ከኮምፒውተሩ ዕቃዎች ሁሉ ረጋ ተብሎ ሊመረጥ የሚገባው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጽሑፉን ያዘጋጀሁት የካ አባዶ፣ ቦሌ አራብሳ፣ ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ጀሞ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሱሉልታ ለሚኖር ሰው ነው። በውጭ አገር የሚጻፈው የዲስክ ምክር መብራት እንደማይጠፋ፣ ኢንተርኔቱ ብዙ መቶ ጊጋ ፋይል ያለ ሐሳብ እንደሚጭን፣ የተበላሸ ዕቃ በፖስታ ተልኮ እንደሚቀየር ቆጥሮ ነው የሚነሳው። ከከተማው ዳር ያለ ቤት ሁኔታው ሌላ ነው። መብራቱ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ ሲመለስም ኃይሉ አንዳንዴ ከፍ፣ አንዳንዴ ዝቅ ብሎ ነው። ላፕቶፑ በየቀኑ በታክሲና በባጃጅ በኮብልስቶን ላይ ይንገጫገጫል። የተገዛበት ሱቅ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ንጽጽሩ ከዚህ መጀመር አለበት።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልናገር። ያላችሁን ገንዘብ በአንድ ውድና ትልቅ ዲስክ ላይ አታውሉት፤ ለሁለት ክፈሉት። አንዱ ዊንዶውስንና የዕለት ሥራን የሚይዝ አነስ ያለ ኤስኤስዲ፣ ማለትም የሚሽከረከር ነገር የሌለውና መረጃን በቺፕ ላይ የሚይዝ ዲስክ ይሁን፤ ሌላው ቅጂ ብቻ የሚይዝ፣ ሥራው ሲያልቅ ተነቅሎ የሚቀመጥ ሃርድ ዲስክ ይሁን። የትኛው ፋብሪካ፣ የትኛው ሞዴል የሚለው ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው።

የሚሽከረከረውና የማይሽከረከረው

ሃርድ ዲስክ ውስጥ የሚሽከረከሩ ሳህኖች አሉ። የላፕቶፑ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ጊዜ፣ የዴስክቶፑ 5,400 ወይም 7,200 ጊዜ ይዞራል። መረጃ የሚያነበውና የሚጽፈው ሄድ ሳህኑን አይነካም። ሳህኑ ሲዞር በሚፈጥረው ስስ የአየር ንጣፍ ላይ ይንሳፈፋል፤ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በናኖሜትር የሚቆጠር ነው። ብዙ ሰው ዲስኩ ውስጡ አየር አልባ ይመስለዋል። አየር አለው፤ በተራው ዲስክ ክዳን ላይ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ የተሠራችው የውስጡና የውጭው የአየር ግፊት እንዲመጣጠን ነው። አጠገቧ "አትሸፍኑ" የሚል ጽሑፍ የሚታየውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር የተለየ ነገር አለ። አምራቾቹ በዝርዝር መግለጫቸው ላይ ዲስኩ እየሠራ ሊቆይበት የሚችለውን ከፍታ ይጽፋሉ፤ የተለመደው ጣሪያ 3,048 ሜትር፣ ማለትም 10,000 ጫማ ነው። የአዲስ አበባ መሀል 2,350 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛል። እንጦጦ አናቱ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወደ ሱሉልታ በኩል ያለው ሰፈርም ከመሀል ከተማው ከፍ ያለ ነው። አየሩ ሲሳሳ ሄዱ የሚንሳፈፍበት ንጣፍም ይሳሳል፤ ሙቀቱን ጠርጎ የሚወስደው አየርም እንዲሁ። ይህ ማለት ሃርድ ዲስክ እዚህ አይሠራም ማለት አይደለም፤ በመላ ከተማው ስንትና ስንት ዲስክ እየሠራ ነው። ግን ከተፈቀደው ወሰን የቀረን ትርፍ እንደ ጅቡቲ ሰው ሰፊ አይደለም። ዴስክቶፑን ግድግዳ ሥር፣ ጨርቅ ስር፣ ፀሐይ በሚመታው መስኮት አጠገብ ማስቀመጥ እኛ ዘንድ ይበልጥ ይጎዳል። ኤስኤስዲ ግን የሚንሳፈፍ ነገር ስለሌለው ከፍታ አያሳስበውም።

መብራት በድንገት ሲጠፋ ሃርድ ዲስኩ ምን ይሆናል? የዛሬ ዲስኮች ሳህኑ ገና እየዞረ ባለበት ቅጽበት ከዚያው ከሽክርክሪቱ ኃይል አግኝተው ሄዱን ወደ ማረፊያው ይስባሉ። ያድናቸዋል፤ ግን በሥርዓት ሲዘጋ ከሚሆነው ይልቅ የከረረ እንቅስቃሴ ስለሆነ በተደጋገመ ቁጥር ያደክማል። ዲስኩ ራሱ ይህን ይቆጥራል፤ በጤና መዝገቡ ውስጥ "ፓወር ኦፍ ሪትራክት ካውንት" በሚለው ቦታ ይመዘግበዋል። ዳር ሰፈር የኖረን ዲስክ መዝገብ ብትከፍቱ ይህ ቁጥር የሰፈሩን የመብራት ታሪክ ይነግራችኋል።

ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ አካል የለውም። ባጃጅ ውስጥ ቢንገጫገጭ፣ ከአልጋ ላይ ቢወድቅ ከሃርድ ዲስክ ይልቅ በብዙ ይችላል። ፍጥነቱም አይወዳደርም፤ ሃርድ ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 200 ሜጋባይት ሲያነብ፣ ተራው የሳታ ኤስኤስዲ፣ ማለትም እንደ ሃርድ ዲስኩ ባለ ገመድ የሚሰካው፣ ወደ 550 ይደርሳል። ትናንሽ ፋይሎችን በመፈለግ ደግሞ ልዩነቱ ከዚህም እጅግ ይሰፋል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ኤስኤስዲ ሲገባለት አዲስ የሆነ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ኤስኤስዲም በመብራት መጥፋት ይጎዳል፤ ይህን ሻጮች ሲናገሩ አልሰማም። የትኛው መረጃ የትኛው ሕዋስ ውስጥ እንዳለ የሚያሳይ የውስጥ ካርታ አለው፤ ካርታው እየታደሰ ሳለ ኃይል ከተቋረጠ ሊዛባ ይችላል። ለድርጅት ሰርቨር የሚሠሩት ኤስኤስዲዎች ለእንዲህ ያለ ቅጽበት ኃይል የሚያቆዩ ካፓሲተሮች ተሰክተውባቸዋል። ለቤት የሚሸጡት አብዛኞቹ የላቸውም። ሁልጊዜ የሚደርስ ጉዳት አይደለም፤ ሲደርስ ግን ኮምፒውተሩ ሲከፈት ዲስኩን ጨርሶ አያየውም።

ከሁለቱ ልዩነቶች ሁሉ ለእኔ ትልቁ አሟሟታቸው ነው። ሃርድ ዲስክ ብዙ ጊዜ ታሞ ነው የሚሞት፤ ይዘገያል፣ አንድ ፎልደር ሲከፈት ይንጠለጠላል፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፣ ባድ ሴክተር፣ ማለትም የማይነበብ ቦታ ያወጣል። ለነቃ ሰው ፋይሉን የማውጫ ጊዜ ይሰጣል። ኤስኤስዲ በአብዛኛው ማታ ደህና ተዘግቶ ጠዋት የለም። ከዚያ ወዲያ መረጃውን ማውጣት እጅግ ከባድ ነው። በስህተት የጠፋ ፋይል እንኳ፣ ዊንዶውስ የተሰረዘውን ቦታ ለኤስኤስዲው ወዲያው ስለሚያሳውቅና ዲስኩ ራሱ ስለሚያጸዳው፣ ከሃርድ ዲስክ እንደሚመለሰው አይመለስም። ስለዚህ ኤስኤስዲ ለሥራ ከሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ብቸኛ ቅጂ ለማስቀመጥ ግን አይሆንም።

የትኛው ማርክ ይታመናል?

በገበያው የሚሰማው ጥያቄ ይህ ነው፤ መልሱም ሰው እንደሚጠብቀው ግልጽ አይደለም። ዛሬ በዓለም ላይ ሃርድ ዲስክ የሚያመርቱ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ሲጌት፣ ዌስተርን ዲጂታልና ቶሺባ። የሳምሰንግን የሃርድ ዲስክ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጌት፣ የሂታቺን በ2012 ዌስተርን ዲጂታል ገዝተውታል። ስለዚህ "አዲስ የሳምሰንግ ሃርድ ዲስክ" ተብሎ የሚቀርብላችሁ ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ ነው ብላችሁ ብታስቡ አትሳሳቱም። ኤስኤስዲ ላይ ግን ሳምሰንግ ዛሬም ከዋናዎቹ አንዱ ነው።

ባክብሌዝ የተባለ የአሜሪካ የመረጃ ማከማቻ ድርጅት ከእ.ኤ.አ. 2013 ጀምሮ የዲስኮቹን ብልሽት እየመዘገበ ለሁሉም ያወጣል። በእሱ ቆጠራ በዓመት የሚሞቱት ሃርድ ዲስኮች በ2021 1.01 በመቶ፣ በ2022 1.37፣ በ2023 1.70፣ በ2024 1.57 በመቶ ነበሩ። ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ማለት ነው። ከዚህ መዝገብ የምንማረው ዋናው ነገር ልዩነቱ ከማርክ ይልቅ በሞዴል ላይ መሆኑን ነው። አንድ የሲጌት ባለ 3 ቴራ ሞዴል ከሌሎቹ በብዙ እጥፍ ሲሞት ታይቶ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ድረስ ክስ አስነስቷል፤ ከዚያው ፋብሪካ የወጡ ሌሎች ሞዴሎች ግን ደህና ሠርተዋል። "ሲጌት አይረባም"፣ "ዌስተርን ብቻ ግዛ" የሚለው የሰፈር ፍርድ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሰው አንድ ዲስክ የመጣ ነው።

ቁጥሩን ወደ ቤታችን እናምጣው። አንድ ዲስክ በዓመት ውስጥ የመሞት ዕድሉ 1.5 በመቶ ቢሆን፣ እርስ በርስ የማይነካኩ ሁለት ዲስኮች በዚያው ዓመት ሁለቱም የመሞት ዕድላቸው ከ10,000 ሁለት ገደማ ይሆናል። በዓለም ላይ ያለ ምርጥ ሞዴል ለብቻው ይህን ያህል አስተማማኝ አይሆንም። ሁለት ተራ ዲስክ አንድ ምርጥ ዲስክን የሚበልጠው በዚህ ሒሳብ ነው።

ሒሳቡ የሚሠራው ግን ሁለቱ በእርግጥ ካልተነካኩ ነው። ሁለቱም አንድ ዴስክቶፕ ውስጥ፣ አንድ ፓወር ሳፕላይ ላይ፣ አንድ ዲቫይደር ላይ ከተሰኩ፣ ተመልሶ የመጣ ከፍተኛ ኃይል ሁለቱንም በአንድ ቅጽበት ያቃጥላቸዋል። ሌባ ኮምፒውተሩን ሲወስድ ሁለቱንም ይወስዳል። ቫይረስ የአንዱን ፋይል ሲቆልፍ የሌላውንም ይቆልፋል። ቅጂ የያዘው ዲስክ ቅጂው እንዳለቀ ተነቅሎ መሳቢያ ውስጥ፣ ቢቻል ሌላ ቤት፣ እህት ወይም ወንድም ዘንድ ሊቀመጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ለበዓል ስትሄዱ አሮጌውን ሰጥታችሁ አዲሱን መውሰድ ትችላላችሁ።

ኤስኤስዲ ሲመረጥ

መጀመሪያ ኮምፒውተሩ ምን እንደሚቀበል እወቁ። በከተማችን በብዙ ቤት ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ነው፤ ዴል ወይም ኤችፒ፣ ከአራተኛው ትውልድ ወይም ከዚያ በፊት የሆነ ፕሮሰሰር ያለው። በአብዛኞቹ ላይ የኤም ነጥብ ሁለት ቀዳዳ፣ ማለትም እንደ ራም ያለች ቀጭን ኤስኤስዲ ያለ ገመድ የምትሰካበት ቦታ የለም። የሚቀበሉት 2.5 ኢንች የሳታ ኤስኤስዲ ነው። ቀዳዳው ባለባቸውም ቢሆን ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ሳታ፣ ሌላው ከሳታ የሚፈጥነው ኤንቪኤምኢ። ቅርጻቸው ይመሳሰላል፣ አንዱ በሌላው ቦታ ግን አይሠራም። የኮምፒውተሩን ሞዴል በስልካችሁ ፎቶ አንስታችሁ ሂዱ፤ "ሁሉም ላይ ይሠራል" ያለ ሻጭ ካጋጠማችሁ ደረሰኝ ላይ ያስጽፉት።

ኤንቪኤምኢ በወረቀት ላይ እጅግ ይፈጥናል፤ የሦስተኛው ትውልድ በሰከንድ ወደ 3,500 ሜጋባይት፣ የአራተኛው ወደ 7,000 ይደርሳል። ለትልልቅ ቪዲዮ አቀናባሪ ይጠቅማል። ለወርድ፣ ለኤክሴል፣ ለፊልምና ለኢንተርኔት ግን ልዩነቱን አታዩትም፤ ትልቁ ዝላይ ከሃርድ ዲስክ ወደ የትኛውም ኤስኤስዲ ነው። ትርፉን ገንዘብ ለቅጂው ዲስክ አውሉት።

ቀጥሎ የሕዋሱ ዓይነት ይመጣል። ቲኤልሲ በአንድ ሕዋስ ሦስት፣ ኪውኤልሲ አራት ቢት ይይዛል። ኪውኤልሲ ይረክሳል፤ ግን ብዙ ፋይል በአንዴ ሲጻፍበት ይዘገያል፣ ዕድሜውም ያጥራል። የሳምሰንግን ሁለት ሞዴሎች ብናነጻጽር፣ ባለ 1 ቴራው 870 ኢቮ ቲኤልሲ ሲሆን 600 ቴራባይት እስኪጻፍበት ድረስ ወይም ለ5 ዓመት ዋስትና አለው፤ እኩል መጠን ያለው 870 ኪውቪኦ ኪውኤልሲ ሲሆን 360 ቴራባይትና 3 ዓመት ነው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ከሆነ ቲኤልሲውን ውሰዱ።

ስለ "ኤስኤስዲ በመጻፍ ያልቃል" ግን አትጨነቁ። በቀን 20 ጊጋባይት የሚጽፍ ቤት፣ ይህ ለተራ ቤት ብዙ ነው፣ በዓመት 7.3 ቴራባይት ይጽፋል። ርካሽ ከሚባሉት የሚመደበው ባለ 240 ጊጋ ኪንግስተን ኤ400 እንኳ የተሰጠው 80 ቴራባይት ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በፊት የሚገድለው ሌላ ነገር ነው፤ የኤሌክትሪክ ጉዳት፣ የመቆጣጠሪያ ቺፕ ብልሽት ወይም ሐሰተኛ ዕቃ።

ለማስቀመጫ ግን ኤስኤስዲን አልመክርም። መረጃው በሕዋስ ውስጥ እንደታሰረ ቻርጅ ስለሚቀመጥ፣ ለረጅም ጊዜ ኃይል ሳያገኝ ሲቀር ቀስ በቀስ ይፈሳል። ለቤት ኤስኤስዲ የወጣው የኢንዱስትሪው መስፈርት የሚጠይቀው የመጻፍ ዕድሜውን የጨረሰ ዲስክ በ30 ዲግሪ ሙቀት ያለ ኃይል አንድ ዓመት መረጃውን እንዲይዝ ነው። አዲሱ ከዚህ በጣም የረዘመ ጊዜ ይይዛል፤ ቢሆንም የሠርግ ፎቶ ጭኖ ቁም ሣጥን ውስጥ ለዓመታት ለመርሳት ሃርድ ዲስኩ ይሻላል።

ሃርድ ዲስክ ሲመረጥ

ሁለት የአጻጻፍ ስልት አለ፤ ሲኤምአርና ኤስኤምአር። ሲኤምአር የመረጃ መስመሮቹን ጎን ለጎን ይጽፋል። ኤስኤምአር ቦታ ለመቆጠብ፣ እንደ ጣሪያ ክዳን ቆርቆሮ፣ አንዱን መስመር በሌላው ላይ በከፊል ደርቦ ይጽፋል። ከመካከል አንዱን ለመቀየር አጠገቡ ያሉትንም እንደገና መጻፍ ግድ ስለሚሆን፣ ብዙ ሲጻፍበት ፍጥነቱ ክፉኛ ይወርዳል። እ.ኤ.አ. በ2020 ዌስተርን ዲጂታል ሬድ በተባሉት የኔትወርክ ማከማቻ ዲስኮቹ ውስጥ ለገዢው ሳይናገር ኤስኤምአር ማስገባቱ ታውቆ ብዙ ቁጣ አስነሳ፤ ከዚያ በኋላ ሬድና ሬድ ፕላስ ብሎ ለየ። ሬድ ፕላሱ ሲኤምአር ነው። ባለ 2 ቴራው የሲጌት ባራኩዳ ዴስክቶፕ ዲስክም ኤስኤምአር ነው፤ ባለ 1 ቴራና ከዚያ በላይ ከሆኑት ስስ የላፕቶፕ ዲስኮችና ኤክስተርናሎች አብዛኞቹም እንደዚያው ናቸው።

ታዲያ ኤስኤምአር መጥፎ ነው? ዊንዶውስ ለመጫንና ዕለት ዕለት ለመሥራት አዎ፣ ሸሹት። አንዴ ተጽፎ ለሚቀመጥ ቅጂ ግን ምንም አይልም። ለቅጂ ብላችሁ ትርፍ አትክፈሉ።

ከተማው በካሜራ ሥራ ስለተሞላ፣ ለደኅንነት ካሜራ የተሠሩት የዌስተርን ፐርፕልና የሲጌት ስካይሆክ ዲስኮች በየሱቁ አሉ። ቀንና ሌሊት ሳያቋርጡ እንዲሠሩ የተሠሩ ናቸው፤ ዋስትናቸው 3 ዓመት ሲሆን የተራው ባራኩዳና የዌስተርን ብሉ ሃርድ ዲስክ 2 ዓመት ነው። ለማከማቻ ጥሩ ምርጫ ናቸው። ለዊንዶውስ ግን አይመቹም፤ የተቃኙት ያልተቋረጠ ቪዲዮ ለመቅዳት ነው።

ኤክስተርናል ወይስ ኬዝ (ዲስኩን በዩኤስቢ የሚያገናኝ ለብቻው የሚሸጥ ሣጥን) ውስጥ የገባ ተራ ዲስክ? እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። በአንዳንድ የታሸጉ ኤክስተርናሎች፣ ለምሳሌ በብዙዎቹ የዌስተርን ማይ ፓስፖርት፣ የዩኤስቢው ቀዳዳ ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር አብሮ የተበየደ ነው። ቀዳዳው ከተነቃነቀ ዲስኩን አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መሰካት አይቻልም። ኬዝ ውስጥ የገባ ዲስክ ግን ኬዙ ቢበላሽ ሌላ ኬዝ ይገዛለታል። ለላፕቶፑ ኤስኤስዲ የገዛ ሰው የወጣውን ሃርድ ዲስክ ኬዝ ውስጥ ከቶ ቅጂ መያዣ ሊያደርገው ይችላል፤ ጤናው ከተመረመረ ከዚህ የረከሰ መንገድ የለም።

በነገራችን ላይ 1 ቴራ ገዝታችሁ ዊንዶውስ 931 ጊጋ ቢያሳያችሁ አልተታለላችሁም። አምራቹ በአሥር ብዜት፣ ዊንዶውስ በሁለት ብዜት ስለሚቆጥሩ ነው።

ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት

ያገለገለ ዲስክ "አዲስ ነው" ተብሎ የሚሸጠው እኛ አገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 መጀመሪያ በአውሮፓ የሰርቨር ሥራ የሠሩ የሲጌት ዲስኮች የሰዓት መቁጠሪያቸው ወደ ዜሮ ተመልሶ እንደ አዲስ ሲሸጡ ተገኝተዋል። ስለዚህ በማሸጊያው አትመኑ። ላፕቶፕና የሳታ ወደ ዩኤስቢ ገመድ ይዛችሁ፣ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭናችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የሠራበትን ሰዓት እዩ፤ አንድ ዓመት ሙሉ ያልተቋረጠ ሥራ 8,760 ሰዓት ነው። ከዚያ የተበላሹና ሊበላሹ የተቃረቡ ቦታዎችን የሚቆጥሩትን "ሪአሎኬትድ"፣ "ፔንዲንግ" እና "አንኮሬክተብል" የሚሉትን ሦስት መስመሮች ተመልከቱ። ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ተዉት። ፕሮግራሙ ጥሬ ቁጥሮቹን ሲከፈት የሚያሳየው በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር ስለሆነ፣ ከማንበባችሁ በፊት ወደ ተለመደው አሥር ቤት ቀይሩት፤ አለበለዚያ 20,000 ሰዓት የሠራ ዲስክ 4 ሺህ ብቻ የሠራ ይመስላችኋል።

"ወንድሜ፣ እኛ ያልተፈተነ ዕቃ አንሸጥም" የሚል ሻጭ ሲፈተን አይከፋውም። ከከፋው ሌላ ሱቅ አለ።

በመንገድ ዳርና በማኅበራዊ ገጾች በትንሽ ዋጋ የሚቀርቡት ባለ 8ና ባለ 16 ቴራ "ኤክስተርናል ኤስኤስዲ" ሐሰተኛ ናቸው። ውስጣቸው ትንሽ ሚሞሪ ካርድ ወይም ፍላሽ ሲሆን፣ መጠኑ ትልቅ መስሎ እንዲታይ ተቀይሯል። ፋይል ሲጫንባቸው ይቀበላሉ፤ ከእውነተኛ መጠናቸው ያለፈው ግን ይጠፋል፣ የሚታወቀውም ሊከፈት ሲል ነው። ኤች2ቴስትደብሊው የተባለው ነጻ ፕሮግራም ዲስኩን እስከ ጫፍ ሞልቶ መልሶ በማንበብ ይህን ያጋልጣል። በሰከንድ 100 ሜጋባይት የሚጽፍ ባለ 1 ቴራ ዲስክ ለመጻፍ ብቻ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ለማንበብም ያን ያህል ይፈጃል፤ ሱቅ ላይ አይሆንም። ከሻጩ ጋር የመመለሻ ቀን ተነጋግራችሁ፣ ደረሰኙ ላይ የዲስኩን ሴሪያል ቁጥር አስጽፋችሁ፣ ማታ ቤት ፈትኑት። ሳይፈተን አንድም ፋይል አትጫኑበት።

መብራቱን ሳያስቡ ዲስክ አይመረጥም

ዴስክቶፕ ላለው ሰው፣ ከሁለተኛው ዲስክ ቀጥሎ ገንዘብ ማውጣት የሚገባው ለትንሽ ዩፒኤስ፣ ማለትም መብራት ሲጠፋ በባትሪው ኮምፒውተሩን ለሚያቆየው ዕቃ ነው። ለሰዓታት እንዲያሠራ አይደለም፤ አስቀምጦ ለመዝጋት የሚበቃ ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈለገው። ስታቢላይዘር የኃይሉን መውጣትና መውረድ ያስተካክላል፣ መብራት ሲጠፋ ግን ኮምፒውተሩን አያቆየውም፤ ሁለቱን አታምታቱ። ዩፒኤስ ለመግዛት አቅም ከሌለ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የዲቫይደሩን ማብሪያ ማጥፊያ አጥፉ፤ ከተመለሰም በኋላ እስኪረጋ ጥቂት ቆዩ። ላፕቶፕ ያለው ሰው ባትሪው ደህና እስከሆነ ድረስ ይህ ጣጣ ይቀልለታል፤ ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ግን ከዴስክቶፕ አይለይም።

የቅጂውን ዲስክ ፎርማት ስታደርጉም ከዊንዶውስ ጋር ብቻ የምትጠቀሙበት ከሆነ፣ ከሚቀርቡላችሁ የፎርማት ዓይነቶች ኤንቲኤፍኤስን ምረጡ። ሌላው ዓይነት ኤክስፋት የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ የሚመዘግብበት ጆርናል ስለሌለው፣ እየተጻፈበት ኃይል ሲቋረጥ ወይም ገመዱ ሲነቀል ማውጫው በቀላሉ ይዛባል።

ለየቤቱ የሚስማማው

ኮዬ ፈጬ ያለ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ ትልቅ ዲስክ አያስፈልገውም። 240 ወይም 480 ጊጋ ቲኤልሲ ኤስኤስዲ ላፕቶፑ ውስጥ፣ የወጣው ሃርድ ዲስክ ኬዝ ውስጥ፤ ጽሑፉ ራሱ ትንሽ ስለሆነ ጉግል በነጻ በሚሰጠው 15 ጊጋባይት ላይ በየማታው ይጫን። ሦስት ቅጂ ሆነለት ማለት ነው፤ አንዱም ከቤት ውጭ። ቡራዩ ሱቅ ያለው ሰውም ለሒሳቡ እንዲሁ ያድርግ።

ለገጣፎ ሆኖ ሠርግ የሚቀርጽና የሚያቀናብር ግን ሌላ ሒሳብ አለው። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀርጽ ካሜራ በሰዓት 45 ጊጋባይት ይሞላል፤ ሁለት ካሜራ ስድስት ስድስት ሰዓት ከቀረጸ አንድ ሠርግ 540 ጊጋባይት ነው። ለእሱ ኤንቪኤምኢ ዋጋው ተገቢ ነው፤ ግን ለሚቀናበረው ሠርግ ብቻ። ያለቀውን ባለ 4 ቴራ ወይም ከዚያ በላይ በሆነ 3.5 ኢንች ሲኤምአር ዲስክ ላይ ያስቀምጥ፣ ሌላ እኩያ ዲስክ ላይም ይቅዳው። ሁለቱን ከአንድ ሱቅ በአንድ ቀን ባይገዛ እመርጣለሁ፤ ከአንድ ካርቶን የወጡ ዲስኮች ተመሳሳይ የፋብሪካ ጉድለት ሊጋሩ ይችላሉ። ደምበኛው ቪዲዮውን ተረክቦ ፈትሾ "ደርሶኛል" እስኪል ድረስ ከሁለቱ አንዱንም አያጥፋ። የሰው ሠርግ ሁለተኛ አይቀረጽም።

ፎቶና ቪዲዮ ብቻ ላለው ቤተሰብ፣ ስልኮቹ ላይ ያለውን ጨምሮ፣ ባለ 1 ወይም 2 ቴራ ኤስኤምአር ዲስክ በኬዝ ይበቃል። በወር አንድ ቀን ወስናችሁ፣ ለምሳሌ የቤት ኪራይ በሚከፈልበት ቀን፣ ቅጂውን አድሱ። ከቅጂው ውስጥም ጥቂት ፋይሎች ከፍታችሁ እዩ፤ ያልተከፈተ ቅጂ መኖሩ አይታወቅም።

ዲስኩ መታመም ሲጀምር

የጤና መዝገቡን አልፎ አልፎ ክፈቱ፤ ግን "ጥሩ" ስላለ ብቻ አትተኙ። ጉግል እ.ኤ.አ. በ2007 ከ100,000 በላይ ዲስኮቹን አጥንቶ ባወጣው ጽሑፍ፣ ከሞቱት ውስጥ ከ36 በመቶ በላይ የሚሆኑት ከሙቀት በስተቀር በየትኛውም የመዝገቡ መስመር ላይ አንድም ምልክት አላሳዩም ነበር። በተቃራኒው፣ ምልክት ከታየ ጊዜ የለም፤ በዚያው ጥናት የመጀመሪያውን የፍተሻ ስህተት ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት ውስጥ የመሞት ዕድሉ ካላሳየው 39 እጥፍ ይበልጥ ነበር።

"ፔንዲንግ" የሚለው መስመር ከዜሮ ከተነሳ፣ ወይም ዲስኩ ጠቅ ጠቅ ማለት ከጀመረ፣ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቼክዲስክ የተባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መፈተሻ ማስጀመር ወይም ፎርማት ለማድረግ መሞከር ነው። ይህ የታመመውን ዲስክ ከጫፍ ጫፍ እንዲያነብና እንዲጽፍ ያስገድደዋል፤ የቀረውን ዕድሜ በዚያ ሊጨርስ ይችላል። መጀመሪያ ሌላ ዲስክ አምጡ። በጣም የምትፈልጉትን ፎልደር አስቀድማችሁ ቅዱ፣ ፊልሞቹ መጨረሻ ይሁኑ። አንድ ፋይል ላይ ከተንጠለጠለ እሱን አልፋችሁ ወደሚቀጥለው ሂዱ፤ ተመልሳችሁ ትሞክሩታላችሁ። ከሞቀ አጥፍታችሁ አቀዝቅዙት። ክዳኑን ግን በምንም ምክንያት አትክፈቱ፤ ግንባታ በሚካሄድበት ሰፈር አየር ውስጥ ያለው አቧራ ሄዱ ከሚንሳፈፍበት ክፍተት በብዙ እጥፍ የወፈረ ነው። መውጣት ያለበት ሁሉ ከወጣ በኋላ ቼክዲስኩም ፎርማቱም ሊሞከር ይችላል።